ለነገ የታጨደ

«ቁጭ በይ!» አሉ አክስቷ፣ ገና ከፍራሹ ላይ ብድግ ከማለቷ። «ሐዘንተኛ ወዲያ ወዲህ አይልም። የሚያስፈልግሽ ነገር ካለ እኔ አለሁልሽ።»

«ጥንቸሎቹ እኮ ከትናንት ጀምሮ ምንም አልቀመሱም፣ እትዬ።»

«እኛስ መቼ ቀመስን?» አሉ አክስቷ። ይህን ሲሉ በጉንጫቸው የያዙት ዳቦ ገና አልተዋጠም ነበር።

ልብስ ሰፊዋ ተመልሳ ተቀመጠች። ምን ታድርግ? አክስቷ የአባቷ ታላቅ እህት ናቸው፤ በዚያ ላይ በዘመድ ለቅሶ ሁሉ ማን የት እንደሚቀመጥ፣ ማን መቼ እንደሚያለቅስ የሚያዙት እሳቸው ናቸው። አባቷ የተቀበሩት ትናንት ከሰዓት ነው። ቤቱ በኪራይ ወንበር ተሞልቷል። ሰው ይገባል፣ «እግዜር ያጥናሽ» ይላል፣ ይቀመጣል፣ መሬት መሬት ያያል፣ ከዚያ አጠገቡ ካለው ሰው ጋር ስለ ዝናቡና ስለ መንገዱ መበላሸት ማንሾካሾክ ይጀምራል። የሷ ጆሮ ግን ሌላ ቦታ ነው። ከጓሮ በኩል የሽቦ መንኳኳት ይሰማታል። ጥንቸል ሲርበው የሳጥኑን ሽቦ በጥርሱ ይይዝና ይነቀንቃል። ስምንት ጥንቸል ባንድ ላይ ሲነቀንቀው ለማያውቅ ሰው ዕቃ የሚታጠብ ይመስላል፤ የሚያውቅ ሰው ግን ቁጭ ብሎ ሊሰማው አይችልም።

ኮፍያቸውን ጭናቸው ላይ ያስቀመጡ አንድ ጎረቤት ወደሷ ጎንበስ አሉ። «ለመሆኑ ጥንቸሎችሽ ደህና ናቸው?»

«የኔ አይደሉም» አለች። «የአባዬ ናቸው።»

«እሱስ ነው» አሉ ባለ ኮፍያው፣ እንዳልሰማ ሰው። «ብቻ አደራሽን፣ ጥንቸሎችሽን እንዳትረሺ።»

ከትናንት ጀምሮ እንዲህ ሲሏት አራተኛው ሰው ናቸው። «ጥንቸሎችሽ»! ሰው በአንድ ቀን ውርስ ያከፋፍላል እንዴ? ደሟ ፈላ። እነዚያን ጥንቸሎች ወድዳቸው አታውቅም። ሽታቸው ያስጠላታል፣ ፀጉራቸው የደንበኛ ልብስ ላይ ይጣበቃል፣ ከሁሉም በላይ አባቷ ከሷ ጋር ከሚያወሩት ይልቅ ከነሱ ጋር የሚያወሩት መብዛቱ ያበግናት ነበር። ግን ደግሞ አባቷ በሞቱ ማግስት ጥንቸሎቻቸው በረሃብ ቢያልቁ? ላለፈው አንድ ወር አባቷን በቅጡ አላናገረቻቸውም። ያንን ጸጸት ራሱን የት እንደምታደርሰው አላወቀችም። የስምንት ነፍስ ሲጨመርበት አትችለውም።

«ሽንት ቤት» ብላ ተነሳች። ይኼንን አክስቷም ሊከለክሏት አይችሉም።

*

ጓሮ ስትወጣ የሌላ ሰው ግቢ የገባች መሰላት።

የአባቷ አታክልት የለም። ከጥንቸሎቹ ሳጥን እስከ አጥሩ ድረስ የነበሩት አምስት መደቦች፣ ሰርዶው፣ አልፋልፋው፣ የስኳር ድንቹ ሐረግ፣ ጎርጠብ የሚባለው ጅማታም ቅጠል፣ ሁሉም ተመንግለው መሬቱ እንደ ተላጨ ራስ ሆኗል። በላዩ ላይ ወንበር በሦስት ረድፍ ተደርድሯል። መካከሉ ላይ ሹፌሩ ወንድሟ እጅጌውን ጠቅልሎ፣ ዶማውን ተደግፎ ቆሟል።

«አየሽ?» አላት፣ ላቡን በክንዱ እየጠረገ። «ከንጋት ጀምሮ ነው የሠራሁት። ሰው በረንዳ ላይ ቆሞ ሲውል አፈርኩ። ያ ሁሉ አረም! አሁን አርባ ሰው ይይዛል።»

«የነቀልከውን የት አደረግኸው?»

«የቆሻሻ መኪናው ደርሶ ጭኜ ላክሁት። ዕድለኛ ነን።»

«ዕድለኛ ነን?»

«ምነው?»

«ወንድም ጋሼ! አረም አይደለም እኮ! የጥንቸሎቹ ቀለብ ነው! አባዬ ዘርቶት ነው!»

«አረም ነው የዘራው?» አለ ወንድሟ፣ ከልቡ ግራ ገብቶት።

ምን ይባላል? ከቤት ከወጣ አሥራ አምስት ዓመቱ ነው። ሞተር እንጂ ቅጠል አያውቅም። በአሥራ አምስት ዓመት ውስጥ ለአባቱ ግቢ የሠራው የመጀመሪያ ሥራ ይኼ ነው፤ ሲሠራ ደግሞ አንጀት በሚያርስ መንገድ ሠርቶታል። ከአጥሩ ጥግ፣ ወንበር ከማይገባባት ቦታ፣ አንድ ክንድ ከማትሞላ የአልፋልፋ ቁራጭ በስተቀር አንዲት ሥር አልተረፈችም።

ዓይኗ ወደ መሬቱ ወረደ። «ጭቃው ላይ የበተንከው ምንድን ነው?»

«ድርቆሽ ነው። እዚያ ጆንያ ውስጥ ተጠቅጥቆ አገኘሁት። ሰው እንዳያዳልጠው ብዬ...»

ለዝናብ ወራት የተቀመጠው ድርቆሽ ነበር። አባቷ ፀሐይ በወጣ ቁጥር እያሰጡ፣ ደመና በመጣ ቁጥር እየሰበሰቡ፣ እፍኝ በእፍኝ ያጠራቀሙት ድርቆሽ በለቀስተኛ ጫማ ከጭቃ ጋር ተቦክቷል። ልብስ ሰፊዋ አንዱ ወንበር ላይ ቁጭ አለች። መጮህ ፈለገች፤ ግን ሃያ ሰው በመስኮት እያያት ነው።

«ምን ታካብጃለሽ» አለ ወንድሟ፣ ጥፋቱ ትንሽ ትንሽ እየገባው ስለመጣ ድምፁን ከፍ አድርጎ። «ለነገ የሚወስዳቸው ሰው አግኝቻለሁ። ምግብ ቤት ያለው ጓደኛዬ ነው። ሁሉንም በአንዴ ያነሳልናል።»

«ምግብ ቤት?»

«እና ምን ልታደርጊያቸው ነው? አንቺ ራስሽ አይደለሽ እንዴ ‹ወይ እኔን ምረጥ ወይ ጥንቸሎችህን› ያልሽው? አባዬ በስልክ ነግሮኛል።»

ልብስ ሰፊዋ ከወንበሩ ተነስታ ወደ ቤት ገባች።

*

አባቷ ሠላሳ አንድ ዓመት የውሃ ቆጣሪ ሲያነቡ የኖሩ ሰው ናቸው። በሰፈሩ ያልገቡበት ግቢ የለም። ቆጣሪ ደግሞ ሁልጊዜ የሚቀመጠው አጥር ጥግ ነው፤ እርጥበት አይጠፋውም፣ አረምም አይጠፋውም። ሌላው ቆጣሪ አንባቢ አረሙን በጫማው ገለል ያደርግና ቁጥሩን ጽፎ ይሄዳል። እሳቸው ግን ተንበርክከው አረሙን ያዩታል፣ ይነኩታል፣ አንዳንዴ ይቀምሱታል። ከዚያ ባለቤቱን አስፈቅደው ከነሥሩ ይነቅሉትና በእርጥብ ጋዜጣ ጠቅልለው ከመዝገቡ ጋር በቦርሳቸው ይዘውት ይመጣሉ። ጎመኑንና ቆስጣውን ሰው ይተክላል፤ እሳቸው ሰው የሚጥለውን ተከሉ። ሰፈሩ «አባ አረም» ብሎ ስም አወጣላቸው። እሳቸው ስሙን ሲሰሙ ፈገግ ይላሉ፤ እሷ ግን ትምህርት ቤት «የአባ አረም ልጅ» ሲሏት መሬት ተሰንጥቃ ብትውጣት ትወድ ነበር።

ለሰው ቃላቸው በጣም ቁጥብ ነው። «በላሽ?» «በላሁ።» «በሩን ዝጊው።» የአንድ ቀን ወሬያቸው ይኸው ነው። ጠዋት ጓሮ ሲወጡ ግን ሌላ ሰው ይሆናሉ። አንድ ጆሮዋ የተቀደደ፣ ግራጫ አሮጊት ጥንቸል አለች፤ «ወይዘሮ» ነው የሚሏት። «እንደምን አደሩ፣ ወይዘሮ? ትናንት ጎርጠቡን ተዉት፤ አልጣመዎትም? እንግዲያው ዛሬ ሐረግ እናቅርብልዎት» ሲሉ ልብስ ሰፊዋ በመስኮት ትሰማለች። ለጥንቸል በአንቱታ!

የጠባቸው ምንጭ ጠረጴዛው ነበር። እሷ የምትሠራበት ክፍል መስኮቱ በሁለት በኩል ነው፤ ከቤቱ ሁሉ ዝናብ የማይገባበት፣ ነፋስም የማያጣ እሱ ብቻ ነው። ማታ ሥራ ስትጨርስ አባቷ የቀኑን አጨዳ ይዘው ይገቡና ልብስ የምትቆርጥበት ሰፊ ጠረጴዛ ላይ ቅጠል በቅጠል ዘርግተው ይሄዳሉ፤ ጠዋት እሷ ሳትገባ ሰብስበው ያነሱታል። «ይኼን ለምን ወዲያው አትሰጣቸውም?» ብላ አንዴ ጮኻባቸው ነበር። «ለነገ ነው» አሉ፤ ሌላ ነገር አልጨመሩም። የሽማግሌ ግትርነት ነው ብላ ተወችው።

የዛሬ ወር ግን የማይተው ነገር ተፈጠረ። አንድ ክሊኒክ ያዘዛትን ስድስት ነጭ የነርስ ጋውን ተኩሳ ጠረጴዛው ላይ አሳድራ ነበር። መብራት የለም፤ አባቷ በዳበሳ ገብተው ሣሩን በላዩ ዘረጉት። ጠዋት ስትገባ ስድስቱም ጋውን አረንጓዴ ዥጉርጉር ሆኖ ጠበቃት። አጥባ አጥባ ሲያቅታት ውጭ ወጥታ፣ ጎረቤት እስኪሰማ፣ «ይኼ ቤት የሰው ነው የጥንቸል? ወይ እኔን ምረጥ ወይ ጥንቸሎችህን!» አለቻቸው። ከአፍ ከወጣ አፋፍ። አባቷ ሣሩን በሸሚዛቸው ጫፍ ሰበሰቡ። አንዲት የወደቀች ቅጠል ጎንበስ ብለው አነሱና «እሺ» ብለው ወጡ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ክፍሉን እየቆለፈች ቁልፉን ኪሷ ውስጥ ይዛ ትዞር ጀመር።

ትናንት ጠዋት በራቸውን ስታንኳኳ ዝም አሉ። ገብታ አየች፤ መስኮቱ ሥር ካለው ወንበር ላይ ካፖርታቸውን እንደለበሱ፣ ራሳቸውን ወደ ትከሻቸው ጣል አድርገው ተቀምጠዋል። ሐኪሙ «ልባቸው ነው» አለ። አልጋቸው ላይ ዳር እስከ ዳር ሣር ተበትኖ ነበር። አልጋ ላይ! የመጡት ሴቶች እርስ በርሳቸው ተያዩና አንሶላውን ከነሣሩ ሰብስበው በጓሮ በር አውጥተው አራገፉት። እሷም አባቷ ሌሊት አሟቸው ይሆናል የተነሱት ብላ አሰበች፤ ስለ ሣሩ ግን ማሰብ አልቻለችም።

*

ከሰዓት በኋላ ጥንቸሎቹ መራባቸው በለቀስተኛው መካከል ተወራ። ይኼኔ ነው ጉድ የፈላው። አንዷ ጥቅል ጎመን ይዛ መጣች፣ ሌላዋ የተረፈ ዳቦ በሻሽ ቋጥራ። አክስቷ ራሳቸው ተነስተው ሳጥኑን በዳቦ ሞሉት።

«እትዬ፣ ዳቦ እኮ አይስማማቸውም።»

«አንቺ የሚስማማቸውን ታውቂያለሽ?»

አታውቅም። ያናደዳት ይኸው ነው። ሃያ ዓመት አጠገቧ ሲበሉ የኖሩ እንስሶች ምን እንደሚበሉ አታውቅም። ዳቦውን ጠርጋ አወጣች። ዝናቡ አባርቶ ስለነበር ማጭዱን አንስታ የተረፈችውን የአልፋልፋ ቁራጭ ከሥሯ አጨደችና፣ የዝናቡ ውሃ እየተንጠባጠበ፣ እፍኝ እፍኝ እያደረገች አደለቻቸው። ሽቦው ጸጥ አለ። ሲበሉ ቆማ አየች፤ ከትናንት ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ትንሽ ቀለል አላት። ወይዘሮ ብቻ አልበላችም። ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ተቀመጠች።

በማግስቱ ጠዋት ትንሿ ነጭ ጥንቸል ሞታ ተገኘች። ሆዷ እንደ ከበሮ ተወጥሯል። ሌሎች ሁለት ጎናቸውን ተነፍተው ተጋድመዋል። ወይዘሮ አሁንም ፊቷ ወደ ግድግዳ ነው።

«አየሽ?» አለ ወንድሟ ከኋላዋ። «ዝም ብለሽ ነው የምታሠቃያቸው። ሰውዬው ዛሬ ከሰዓት ይምጣ ልበለው?»

ልብስ ሰፊዋ ትንሿን ጥንቸል በጨርቅ ጠቅልላ አጥር ሥር ቀበረቻት። እጇን ታጥባ ፍራሹ ላይ ተመልሳ ተቀመጠች። አላለቀሰችም። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ እንባ አልመጣላትም፤ አክስቷም በዚህ ምክንያት ሰው በገባ ቁጥር በክርናቸው ይጎስሟታል።

አራት ቤት አልፈው የሚኖሩ ጡረታ የወጡ አስተማሪ ገብተው አጠገቧ ተቀመጡ። እጇን ያዙና «ጥንቸሎችሽ እንዴት ሆኑልሽ?» አሏት።

«የኔ አይደሉም!» ብላ ጮኸች። «ምን ሆናችኋል ሁላችሁም? ‹ጥንቸሎችሽ፣ ጥንቸሎችሽ!› የኔ ሆነው አያውቁም! አልፈልጋቸውም! የአባዬ ናቸው!»

አክስቷ ግንባራቸውን ያዙ። አስተማሪዋ ግን እጇን አለቀቁም። «የኔ ልጅ፣ እኛ ከየት አመጣነው? አባትሽ ናቸው እንዲህ ያሉን።»

«ምን አሉ?»

«ቆጣሪ ሊያነቡ በመጡ ቁጥር ‹ቲቸር፣ ይቺን አረም ብነቅላት ቅር ይልዎታል? ልጄ ጥንቸል አላት› ይሉኝ ነበር። ሃያ ዓመት ሙሉ። ጡረታ ከወጡ በኋላም እየመጡ ይወስዱ ነበር። ባለፈው ሳምንት እንኳ መጥተው ‹ልጄ ሥራ በዝቶባት ነው እንጂ ራሷ ትመጣ ነበር› አሉኝ።»

«ለኔም እንደሱ ነው ያሉኝ» አሉ ባለ ኮፍያው ከወዲያ ማዶ። «‹የልጄ ናቸው፤ እኔ የማበላላት ትልቅ እስክትሆን ነው› ይላሉ። እኔማ ገና ትንሽ ልጅ ያለቻቸው ነበር የሚመስለኝ።»

ልብስ ሰፊዋን የጫማ ካርቶን ትዝ አላት። ክዳኑ በእርሳስ የተበሳሳ የጫማ ካርቶን። አሥራ አንድ ዓመቷ ነበር። የክፍል ጓደኛዋ የሰጠቻትን ግልገል ጥንቸል በካርቶን ይዛ መጥታ፣ አባቷ እግር ላይ ተጠምጥማ፣ «እኔ ነኝ የማበላት፣ አንተን አላስቸግርህም፣ እምላለሁ!» ብላ ለምና ነበር። ሁለት ሳምንት አበላች። ከዚያ ገመድ ዝላይ መጣ፣ ጥንቸሏ ተረሳች። አንድ ማታ አባቷ ከሥራ ሲመለሱ በእርጥብ ጋዜጣ የተጠቀለለ ነገር ከቦርሳቸው አወጡና ካርቶኑ አጠገብ ቁጭ አሉ። አልተቆጡም። «ትልቅ እስክትሆኚ እኔ አበላልሻለሁ» ነው ያሏት። ወይዘሮ የዚያች ጥንቸል የልጅ ልጅ ልጅ መሆን አለባት።

ይኼን ሁሉ ረስታዋለች። እንዲህ ያለ ነገር ሰው ይረሳል?

«ለመሆኑ ምን አበላሻቸው?» አሉ አስተማሪዋ።

«አልፋልፋ። ትናንት አጭጄ።»

«ዝናብ እንደመታው? ወዲያው?»

«አዎ።»

«ወይኔ ልጄ! አባትሽ እኮ ከኔ አጥር የወሰዱትን የዚያኑ ቀን ሰጥተው አያውቁም። ‹የዛሬው ለነገ ነው፤ ሳይጠወልግ ከበሉት ይነፋቸዋል፤ ጥላና ነፋስ ያለበት ቦታ ተዘርግቶ ማደር አለበት› ይሉኝ ነበር። ‹ለዚህ የሚሆን የት አላችሁ?› ብላቸው፣ ‹ልጄ ጥሩ ጠረጴዛ አላት› አሉኝ።»

ልጄ ጥሩ ጠረጴዛ አላት። ልብስ ሰፊዋ እጇ ኪሷ ውስጥ ካለው ቁልፍ ላይ አረፈ። ነገሩ አንድ ባንድ ተሰካካላት። ጠረጴዛው ሲቆለፍባቸው ሣሩን የሚያሳድሩበት አጡ። ስለዚህ አልጋቸው ላይ ዘረጉት። አልጋው ሲያዝ እሳቸው ወንበር ላይ አደሩ። አንድ ወር! የሰባ ሁለት ዓመት ሰው ካፖርቱን ለብሶ ወንበር ላይ አንድ ወር ሲያድር እሷ በቀጭን ግድግዳ ማዶ ብርድ ልብሷን ተከናንባ ተኝታለች።

«ለምን አልነገረኝም?» አለች። ድምፁ የሷ አይመስልም ነበር። «ለቲቸር ነግሮ፣ ለጎረቤት ነግሮ፣ ለጥንቸል ነግሮ! ለኔ አንድ ቃል ምን ነበረበት? ‹ልጄ፣ ይነፋቸዋል› ቢለኝ ምን ነበረበት?»

እሷም ብትሆን «ለነገ ነው» ሲሏት «ለምን ለነገ?» ብላ አልጠየቀችም። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ፤ አሁን ብትጮህ ማን ይሰማታል?

ድንገት ብድግ አለች። አክስቷ «ቁጭ በይ» ሊሉ አፋቸውን ከፈቱና ፊቷን ሲያዩ ተዉት።

*

በጓሮው በርና በውሃ ታንከሩ መካከል፣ ከጣሪያው ክፈፍ ሥር፣ ወንድሟ ዶማ ያላስገባበት ጠባብ ቦታ አለ። ሴቶቹ አንሶላውን ያራገፉት እዚያ ነው። ሣሩ አሁንም አለ። ዝናብ አልነካውም፣ ነፋስ ሲያገኘው ቆይቷል፤ ጠውልጎ፣ ግማሹ ደርቆ፣ ሲነኩት ይንኮሻኮሻል። አባቷ በመጨረሻው ቀናቸው ለማግስቱ ያጨዱት ነው። በማግስቱ ማንም አልበላውም።

ተንበርክካ እስከ መጨረሻዋ ሰበዝ በቀሚሷ ሰበሰበችው። ሽታው የአባቷ ሸሚዝ ሽታ ነው። እንባዋ ያኔ መጣ፤ የሚያያት ሰው በሌለበት፣ አክስቷ ሳይጎስሟት፣ እንደ ልጅ እየነፈረቀች አለቀሰች።

የወይዘሮን ሳጥን ከፈተች። ጥንቸሏ ጀርባዋን እንደሰጠች ነው። ልብስ ሰፊዋ የሐረግ ቅጠል አቀረበችላት፤ አልዞረችም። እንደገና አቀረበችላት፤ አሁንም እንቢ። አንዴ ግራና ቀኝ አየች፣ ሰው የለም።

«እንደምን አደሩ፣ ወይዘሮ?» አለች።

የተቀደደው ጆሮ ተነሳ። ወይዘሮ ቀስ ብላ ዞረች፣ ቅጠሉን አሸተተች፣ እጇንም አሸተተች። ከዚያ መቆርጠም ጀመረች።

እንዲህ ሆና ሳለች ወንድሟ አንድ ወፍራም ሰው አስከትሎ መጣ። ሰውዬው የቀረበውን ሳጥን ከፍቶ አንዱን ጥንቸል በጀርባው ቆዳ አንጠልጥሎ መዘን መዘን አደረገው።

«ይመልሱት» አለች ልብስ ሰፊዋ። «አይሸጡም።»

ሰውዬው ወደ ወንድሟ ዞረ። «የማን ናቸው?»

«የኔ ናቸው» አለች።

«ቅድም የአባዬ ናቸው ስትዪ አልነበር?» አለ ወንድሟ።

«ቅድም አላውቅም ነበር።»

ወንድሟ የረጠበ ጉንጯን፣ ቀጥሎ ቀሚሷ ላይ ያለውን ሣር አየ። የሰውዬውን ክርን ይዞ እስከ በር ሸኘው። ተመልሶ መጣና ባዶው መሬት ላይ፣ ከራሱ ሥራ መካከል፣ ቆመ። «ይኼ እኮ ለዛሬ ብቻ ነው» አለ ቀስ ብሎ። «ነገ ምን ሊበሉ ነው? እኔ ሁሉንም...»

ልብስ ሰፊዋ ማጭዱንና ጆንያውን አንስታ በጓሮ ሳይሆን በሳሎኑ በኩል ወጣች። ለቀስተኛው በሙሉ አንገቱን አስረዘመ።

«ቲቸር፣ አረሙ አሁንም ቆጣሪዎ ጋ አለ?»

«ሞልቶ!»

«እኔም ዘንድ አጥሩን ውጦታል» አሉ ባለ ኮፍያው ኮፍያቸውን እየደፉ። «እሳቸው ነበሩ የሚያሳርፉኝ።»

«አንቺ ልጅ!» አሉ አክስቷ። «ሐዘንተኛ ማጭድ ይዞ መንገድ ለመንገድ? ሰው ምን ይላል?»

«የሚቆጡኝን ስመለስ ይቆጡኝ፣ እትዬ።»

ሰውማ አለ። ጥቁር የለበሰች ሴት ማጭድ ይዛ ከግቢ ግቢ ስትዞር ያየ ሁሉ «ሐዘኑ አዙሯት ነው» አለ። እሷ ግን በእያንዳንዱ አጥር ጥግ፣ ከቆጣሪው ሥር ተንበረከከች። በእያንዳንዱ ቦታ የአባቷ እጅ ይታያል፤ አረሙ ዝም ብሎ አልተነቀለም፤ ከመሐሉ ተወስዶ ዳር ዳሩ እንዲያቆጠቁጥ ተትቷል። እሷም እንደዚያው አደረገች። አስተማሪዋ ግቢ ስትደርስ ወንድሟ ዶማውን ይዞ ደረሰባት።

«ከነሥሩ ነው?» አለ፣ ዓይኗን ሳያይ።

«የሚበላው ይታጨዳል። ለተከላ የሚሆነውን ግን ከነሥሩ ንቀል። በቀስታ ግን፣ ወንድም ጋሼ፤ አፈሩን እንደያዘ።»

ወንድሟ ዶማውን አስቀምጦ በጣቶቹ መቆፈር ጀመረ።

ሲመለሱ ፀሐይ አልጠለቀችም። ወንድሟ ጓሮ ገብቶ የፊተኛውን ረድፍ ወንበር እያነሳ ከግድግዳው ጋር ይደረድር ጀመር። እሷ የሥራ ክፍሏን በር ከፈተች። ጠረጴዛው ላይ የነበረውን ጨርቅ ሁሉ አነሳች። ከጠረጴዛው ሥር፣ በላስቲክ የተቋጠሩትን ስድስት ጋውኖች አወጣችና አንዱን ፈታ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችው፤ አረንጓዴው ነጠብጣብ እንዳለ ነው። በእጇ መዳፍ ጭምድዱን አቃናች። ሁለቱን መስኮቶች ከፈተች። ከዚያ ጆንያውን ፈትታ ቅጠሉን አንዱ ባንዱ ላይ እንዳይደረብ እያደረገች መዘርጋት ጀመረች።

አክስቷ ደጃፉ ላይ መጥተው ቆሙ። ቁጣቸውን አዘጋጅተው ነበር የመጡት። «ይኼ ደግሞ ምንድን ነው?» አሉ።

«ለነገ ነው።»

አክስቷ የተዘረጋውን ቅጠል አዩና ወደ ለቀስተኛው ተመለሱ።

የመጨረሻዋን ቅጠል አስቀምጣ ወጣች። በሩን ሳበች፤ እጇ ከልምዱ የተነሳ ቁልፉን አንድ ጊዜ አዞረው። እዚያው ቆመች። መልሳ አዞረችውና በሩን ገርበብ አድርጋ፣ ቁልፉንም ቀዳዳው ውስጥ ትታው ሄደች።